ጾም የገደፈው ጢም

ባለቤቴን ከቅቤ ጋር ያጣላው ጢሙ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ማዕድ ከበው «ይሄ ቅባት ለጤና ጥሩ ነው፣ ያኛው መጥፎ ነው» እየተባባሉ ሲከራከሩ ስሰማ ዝም ብዬ እጎርሳለሁ። እኔ ይህን ክርክር ከአማቴ፣ ከባለቤቴ እናት ጋር ገና በጃንሆይ ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ጨርሼዋለሁ ስል አሸንፌያለሁ ማለቴ አይደለም። አማቴን ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ተድሬ የገባሁት ግን እንጅባራ አጠገብ ካለ ደጋ መንደር ነው። በእኛ በኩል መስከረም ከጠባ በኋላ ሜዳው በኑግ አበባ ቢጫ ይለብሳል፤ በእነሱ በኩል ገብስ ነው፣ ድንች ነው፣ ፈረስ ነው። በተለይ ፈረስ። የባለቤቴን ዘመዶች ስለ ሰው ጤና ከጠየቅሃቸው «ደኅና ነው» ብለው ያልፉሃል፤ ስለ ፈረስ ጤና ከጠየቅህ ግን ጋኑ እስኪነጥፍ ድረስ አያስነሡህም። ባለቤቴም በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ ዳማ ፈረሱንና ጢሙን። እኔ ሦስተኛ ሳልሆን አልቀርም፤ ጠይቄው ግን አላውቅም፤ ምን አስቸኮለኝ።

ጢሙን ብታዩት! ጠዋት ጠዋት ውሃ ነክሮ ጫፍና ጫፉን ያጠነጥነዋል። ጠላ ሲጠጣ ጢሙ ከእሱ ቀድሞ ይጠጣል። ወጥ ሲበላ ግማሹን ለጢሙ ያካፍላል። አንድ ቀን «ይሄ ሰውዬ ሌላ አፍ የሚያበላ ይመስላል» ብዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል።

በአዊ አገር ጥር ጊዮርጊስ ሲደርስ ፈረሰኛ ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ ሜዳ ይወጣል። ሴቱም አናቱን በቅቤ አርሶ፣ ነጭ ለብሶ ዳር ላይ ይቆማል። ታዲያ ከግልቢያው በፊት ሰው የሚያየው አንድ ነገር አለ፤ ጋላቢው እርካቡን ረግጦ ኮርቻው ላይ እንዴት እንደሚወጣ። ቀልጠፍ ብሎ የወጣ ሰው በዚያው ተከበረ። ከጎን ደግፈው ያወጡት ሰው ግን እስከሚቀጥለው ጥር ድረስ በየሠርጉና በየማኅበሩ ይሳቅበታል። ፈረስ ላይ ለዘላለም ባይወጣ ይሻለዋል።

በዚያ ዓመት ባለቤቴ በጥቅምት ለንግድ ብሎ ቆላ ወረደና ወባ ይዞት ተመለሰ። ወባው በመድኃኒት ለቀቀው፤ ሥጋውን ግን ይዞበት ሄደ። ሱሪውን በገመድ ጠፍሬ አስርለት ጀመር። ከመደብ ተነሥቶ በር ላይ ሲደርስ መቃኑን ይዞ ያርፋል። ጢሙ ብቻ ነው ያልከሳው፤ ፊቱ ሲያንስ እንዲያውም ጢሙ የጨመረ መሰለኝ።

ታናሽ ወንድሙ ፈረሱን ሊያበላ በየቀኑ ይመጣል። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ግን ያን ፈረስ ከልጅነቱ ጀምሮ በዓይኑ ሲበላው ነው የኖረው። «ጋሼ፣ ዳማው እኮ ሥራ ፈታ፤ እስቲ እኔ ላሯሩጠው?» ይላል። ነጋ ጠባ «ላሯሩጠው?» ነው። በመጨረሻ ባለቤቴ ደሙ ፈላና ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት «ስማ፤ ለጥር ጊዮርጊስ ማንም ሳይደግፈኝ ከወጣሁ ወጣሁ። ካቃተኝ ፈረሱ ያንተ ነው፤ ወስደህ እንዳሻህ አሯሩጠው» አለ።

ወንድምየው «ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ አይባልም» አለ። ዓይኑ ግን ወደ ፈረሱ ሄደ፤ አይቼዋለሁ።

እኔ በጣም ፈራሁ። ባሌን አውቀዋለሁ። በሰው ፊት የተናገረውን አያጥፍም። ፈረሱ ከዚያ ግቢ ከወጣ ደግሞ እሱ ከመደቡ አይነሣም፤ ወባ ያልገደለውን ሰው ነገሩ ይገድለዋል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ያለኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ይህን ሰው አብልቼ ኮርቻ ላይ ማውጣት።

በጭነት መኪና ላይ አሳፍሬ ዳንግላ ወሰድኩት። እዚያ ጤና ጣቢያ የነበረው ድሬሰር ልጅ እግር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። የባለቤቴን ክንድ በሁለት ጣቱ ለካና «መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷል፤ አሁን የቀረው ምግብ ነው። ምን ይበላል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ቂጣ በሚጥሚጣ፤ አልፎ አልፎ ሽሮ» አልኩት።

«በምን የተሠራ ሽሮ?»

«በውሃ።»

ድሬሰሩ ሳቀ። «ቂጣው ሆዱን ይሞላዋል እንጂ ያለቀውን ሥጋ አይመልስለትም። ባቄላ፣ አተር፣ ጎመን ጨምሪበት፤ ሁሉም ላይ ግን ቅባት ጠብ ይበልበት። ጎመኑም ቢሆን ቅባት ካልነካው ጥቅሙ ለሰውነቱ በደንብ አይደርሰውም። እንቁላል ስጪው፣ ወተትና ቅቤም ስጪው።»

«ጾም ነው» አለ ባለቤቴ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር።

«የታመመ ሰው እኮ አይጾምም።»

«አልታመምኩም፤ ከስቼ ነው እንጂ።»

ድሬሰሩ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። ምን ይደረግ። «እንግዲያው ኑግ አለ፣ ተልባም አለ» አለ። «እሱም ቅባት ነው፤ ያውም ጥሩ ቅባት። ብቻ በየማዕዱ ትንሽ ትንሽ፤ ቶሎ ይወፍር ብላችሁ በአንድ ቀን እንዳታፈሱበት፤ ሆዱን ታበላሹታላችሁ።»

ኑግ ሲል እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። የእናቴ ቤት እዚያው ነው፤ አዲሱ ኑግ ገና ከአውድማ መግባቱ ነው። እናቴ አንድ ስልቻ ሞልታ አሸከመችን።

ቤት ስንደርስ አማቴ ስልቻውን ፈትተው አዩና ዘጉት። እሳቸው ሲናደዱ በአገውኛ፣ በጣም ሲናደዱ ግን እኔ ደኅና አድርጌ እንድሰማቸው በአማርኛ ነው የሚናገሩት። በአማርኛ ጀመሩ።

«ይሄ ምጣድ ማሰሻ አይደለም እንዴ?»

«ምጣድም ይታሰስበታል፣ እሜቴ። ድሬሰሩ ግን ለእሱ ጥሩ ነው ብሏል።»

«ልጄ ምጣድ ነው?»

«አይደለም፣ እሜቴ።»

«ኩራዝ ነው? ዘይት የምታፈሽበት?»

ለደጋ ሰው ኑግ ማለት ይኸው ነው፤ ምጣድ ማሰሻና መብራት። ለእሳቸው ሰውን ሰው የሚያደርገው ቅቤ ብቻ ነው፤ ሲወለድም ቅቤ፣ ሲዳርም ቅቤ፣ ሲታመምም ቅቤ። እኔ አፌን ያዝኩና ወደ ሥራዬ ገባሁ። ኑጉን ለስለስ ባለ እሳት አመስኩት፤ ቤቱን ሽታው አወደው። በሙቀጫ ወቀጥኩት፤ በፈላ ውሃ በጠበጥኩት፤ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ በጭልፋ ቀስ እያልኩ ቀዳሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎመኑ በኑግ ዘይት ሆነ፤ ሽሮውም በኑግ ዘይት ሆነ። የገብስ በሶውን በፍስክ ጊዜ በቅቤ ጭኮ እንደምናደርገው በኑግ ዘይት አሽቼ፣ ጨው ነስንሼ በእጄ እየጠቀለልኩ አጎርሰው ጀመር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የተልባ ውሃ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ፊቱን አጨማደደ። ቀጥሎ ዝም ብሎ በላ። ቀጥሎ «ያን ጥቅልል የለም?» ማለት ጀመረ። ፊቱ ወዝ ገባው። ከጊዜ በኋላ መቃን ሳይዝ ወጥቶ ፈረሱ ጋ ሄደ፤ አንገቱን ዳበሰውና ተመለሰ። አማቴ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆመው እያዩ ነው፤ ኑጌ ሲያሸንፍ እያዩ ዝም ይላሉ ብዬ ማሰቤ የዋህነት ነበር።

ላማችን በዚያ ወራት ነጥፋ ነበር፤ በቤቱ ያለው ቅቤ አማቴ ከምሰሶው ላይ በቅል አንጠልጥለው ለጥር ጊዮርጊስ ያኖሩት ብቻ ነው። ማንም አይነካውም። አንድ ቀን ጠዋት ከወንዝ ስመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው፤ ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ አማቴ ከዚያ ቅል ቅቤ እየዛቁ አናቱን ይለቀልቁታል።

«እሜቴ፣ ጾም እኮ ነው።»

«በአፉ አስገባሁ?» አሉኝ። «ጾሙ የአፍ ነው። ቅቤ በአናት ይገባል፣ በአንገት ይወርዳል፣ ጉልበት ላይ ይደርሳል። አንቺ ከታች ጠግኚ፤ እኔ ከላይ እጠግናለሁ።»

ባለቤቴ እንደ ሕፃን ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። እናቱ ናት፣ ምን ይበል። እኔም ሳቄን ዋጥኩና ትቼው ገባሁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ሆነ፤ ከላይ ቅቤ፣ ከታች ኑግ። የተልባ ውሃውን ይዤ ስቀርብ አማቴ «ቆይ፣ የእኔ ይስረግ» ይሉኛል። እኔም «የእኔ ይዋጥ» እላቸዋለሁ። በመካከላችን ያለው ሰው በሁለታችንም በኩል እየወፈረ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የታኅሣሥ ፀሐይ ከሌላው ቀን በረታች። ባለቤቴ አናቱን ተቀብቶ እንደ ልማዱ ተቀምጧል። ወንድሙ መጣና ስለ ኮርቻው ነገር አነሣ፤ እርካቡ አጠረ፣ ለእኔ ነው የሚመጥነው፣ እንዲህ እንዲህ። ባለቤቴ ፈረስ ተነሥቶ ዝም አይልም፤ እጁን እያወናጨፈ ይሟገት ጀመር። ቅቤው ቀለጠ። በግንባሩ ወረደ፣ በአፍንጫው ወረደ፣ ጢሙ ውስጥ ገብቶ ተጠራቀመ። እሱ ክርክር ላይ ነው፤ ምኑንም አላወቀም። ልቡ እርካቡ ላይ እንዳለ ምላሱን አወጣና ጢሙን ላሰ። ዋጠ። ደግሞ ላሰ።

ከዚያ ጢሙን በጣቱ ነካና የቀለጠውን ቅቤ አየ።

«ጋሼ» አለ ወንድሙ፣ «ጣፈጠህ?»

ባለቤቴ ተነሥቶ ቤት ገባ። ተከትዬው ስገባ ግድግዳውን እያየ ተቀምጧል። «ጾሜን ገደፍኩ» አለ። ባወጣ ባወርድ አልሰማኝም። «ሳታውቅ ነው» ስለው «ሁለተኛውን ጊዜ ጣፍጦኝ ነው የላስኩት» አለኝ፤ ሐቀኛ ሰው እንዲህ መከራ ነው። በራሱ ላይ ቅጣት አወጀ፤ እስከ ገና ድረስ ቂጣ በጨው ብቻ። ኑግ የለም፤ ተልባ የለም፤ ቅቤማ በአናቱም አይደርስም። «ቅባት የሚባል ነገር በዚህ ቤት ስሙ አይነሣ» አለ።

ያ የለፋሁበት ወዝ ከፊቱ ላይ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። የሱሪውን ገመድ እንደገና ጠበቅ አደረግሁት፤ መቃኑንም እንደገና መያዝ ጀመረ። አማቴ «በኑግ ሆዱን አላልተሽው ነው» አሉኝ፤ እኔ «በቅቤ አጥለቅልቀውት ነው» አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ተኳርፈን ዋልን። ሲመሽ ግን እሳት ዳር ቁጭ ብለው «በጥር ካልወጣ ምን ይሆናል?» ሲሉኝ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸውም እንደ እኔ መፍራታቸውን አወቅሁ። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ።

ታሪኩን ስነግራቸው መጀመሪያ ኮስተር ብለው ሰሙ። «ሁለተኛ ላሰው» ያልኩት ላይ ስደርስ ጥምጥማቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። ወዲያው ተነሥተው አብረውኝ መጡ። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ መስቀል ተሳለመና ቆመ።

«ልጄ» አሉት፣ «ቅቤውን መጀመሪያ የተቀበለው ማነው?»

«ጢሜ ነው፣ አባ።»

«ተሸክሞ ወደ አፍህ ያቀረበውስ?»

«እሱው ነው፣ አባ።»

«እንግዲህ ጾም የገደፈው ጢምህ ነው፤ ቅጣቱም የጢምህ ነው። ተላጨው። አንተ ደግሞ ሥጋህን ያለ ፈቃድ በመቅጣትህ ቅጣት አለብህ፤ ሚስትህ ያቀረበችልህን የጾም ምግብ ሳታስተርፍ ትበላለህ። ኑግ ከሆነ ኑግ፤ ተልባ ከሆነ ተልባ። ቅቤ ደግሞ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ለአናትህ ይበቃሃል።»

ባለቤቴ ሲደነግጥ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ወባ ሲንጠውም እንዲህ አልደነገጠም። «አባ፣ ስግደት ይጨመርልኝና...» ብሎ ጀመረ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምላጭ አመጣሁ። ወንድሙ መስታወት ያዘለት፤ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ ነው የያዘለት። ጢሙ ሲወርድ የላይኛውን ከንፈሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ደስ የሚል ከንፈር ነበረው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ደብቆኝ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ክርክር በላ። ጎመኑን በዘይት፣ ሽሮውን በዘይት፣ በሶውን ጥቅልል ጥቅልል፤ ሲጠግብ እንኳ «ቅጣት ነው» እያለ ይጨርሳል። አማቴም ከላይ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ አሁን ግን ግንባሩን በሻሽ አስረው ነው። ለገና ዶሮ ወጥ የሚሆን ቅቤ ከገበያ ገዛሁ፤ ቅቤ በዚያ ሰሞን እሳት ነው፤ ትንሽ ነው ያገኘሁት። «ለእርስዎም ለጥር ጊዮርጊስ ለአናትዎ ትንሽ ላስቀር?» ብላቸው «ሁሉንም ድስቱ ውስጥ ጨምሪው» አሉኝ። «እኔ ያኖርኩት አለኝ።»

የጥር ጊዮርጊስ ዕለት ሜዳው በፈረስ ሞላ። ባለቤቴን ሰው አላወቀውም፤ ጢም የሌለው ሰው ዳማውን ይዞ ሲመጣ «ይሄ ወጣት ማነው?» ተባለ። ሲያውቁት ደግሞ ሁሉም ያየው ጀመር፤ የተናገረውን ቃል ያልሰማ አልነበረምና። ወንድሙ ልጓሙን ይዟል። ባለቤቴ እርካቡን ረገጠ፤ ተነሣ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳውና ወረደ። አጠገባችን ያለ አንድ ሰው ሳቀ። ወንድሙ ሊደግፈው እጁን ብድግ አደረገ፤ ቢነካው ፈረሱ የእሱ ነበር። እጁን መለሰና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ባለቤቴ አናቱን በእጁ ዳበሰ፤ ልማድ ሆኖበት ነው። ደግሞ ረገጠ። ወጣ። ኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ማንም አልነካውም። ወንድሙ ፎከረለት፤ ድምፁ ሰልሎ ፎከረለት። የእኔ አንጀት ያን ጊዜ ቅቤ ጠጣ።

«በቅቤዬ ነው» አሉ አማቴ እልል እያሉ።

«በኑጌ ነው» አልኩ እኔም እያለቀስኩ።

«በቅቤዬ ነው» ብለው ነጠላቸውን ሲያወናጭፉ ሻሻቸው ተንሸራተተ። ዙሪያችን ያሉት ሴቶች ሁሉ አናታቸው በቅቤ ርሷል፤ በፀሐዩ ይብረቀረቃል። የአማቴ ራስ ግን ደርቋል። ሽበታቸው ተንጨፍርሯል፤ የራሳቸው ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ሻሹን ቶሎ ብለው መለሱና እልልታቸውን ቀጠሉ። ያ ቅል የበዓላቸው ቅቤ ነበር፤ ሟጥጠው ልጃቸው አናት ላይ ጨርሰውታል። ለዚያ ቀን ያኖሩት ምንም አልነበራቸውም።

በማግስቱ ጠዋት የተረፈኝን ኑግ ይዤ ጎረቤት ሄድኩና በቅቤ ለወጥኩት። አማቴን እጃቸውን ይዤ ባለቤቴ ይቀመጥበት ከነበረው ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሻሹን ልፈታ ስል እጄን ያዙኝ።

«ለእሱ አኑሪው» አሉ።

«እሱማ ወጣ እኮ፣ እሜቴ።»

እጄን ለቀቁልኝ። ከቅቤው ዘግኜ አናታቸው ላይ አደረግሁና በጣቴ እያሸሁ በዚያ ደረቅ ፀጉር ውስጥ አሰረግሁት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከኋላ ሆኜ አላየሁም። የበዛ መሰለኝና እጄን ሰብሰብ አደረግሁ።

«ጨምሪ» አሉኝ፣ «እኔ እንደሆን ጢም የለኝ።»